የውኃው በር ቁልፍ በማን እጅ ነው?



በዴንማርክ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከሰሜን ባሕር ፊት ለፊት፣ ሪንግኮቢንግ-ስኬርን የሚባል ኮሙን አለ። የዛሬው ንግግሬ ስለ እሱ ብቻ ነው። ዋና ከተማውንና ፓርላማውን ትቼ ወደዚያ ዳር የምወስዳችሁ፣ የአንድ አገር አስተዳደር ከመሐል ይልቅ ከዳር ሲታይ ጠባዩ ስለሚገለጥ ነው። ኮሙን ማለት የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ከንቲባና የራሱ ግብር ያለው የታችኛው የአስተዳደር እርከን ነው። በዴንማርክ 98 ኮሙኖች አሉ፤ በቆዳ ስፋት የሚበልጣቸው ይኸው ነው፤ 1,490 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የፋሮ ደሴቶች ሁሉ ተደምረው እንኳ ይህን አያህሉም። የሚኖርበት ሕዝብ ግን ወደ 56,000 ብቻ ነው። ይህን ሰፊ መሬትና ጥቂት ሕዝብ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ደጋግሞ ያስቸግረናል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልክዓ ምድሩን ከባሕሩ ጀምረን ወደ ምሥራቅ እንሂድ። በመጀመሪያ የምናገኘው ቀጥ ብሎ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ ነው። ወደብ የሚሆን ተፈጥሯዊ ገባ ያለ ስፍራ የለውም፤ ዓለትም የለውም። ከዳርቻው ጀርባ ነፋስ የከመራቸው የአሸዋ ኮረብታዎች ቆመዋል። የኮረብታዎቹን አሸዋ የሚይዘው ሥሩ ረጅምና ቅጠሉ ሸካራ የሆነ ሣር ነው። ያንን ሣር መንቀልና በከብት ማስጋጥ ከጥንት ጀምሮ በሕግ ሲከለከል ኖሯል፤ ሣሩ ከሌለ አሸዋው ተነሥቶ እርሻ ይቀብራል። ከነዚህ ኮረብታዎች ጋር ሆልምስላንድ ክሊት የሚባል ቀጭን የመሬት ምላስ ይዘረጋል። ርዝመቱ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወርዱ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከምላሱ በስተምዕራብ ባሕር፣ በስተምሥራቅ የሪንግኮቢንግ ፊዮርድ አለ።

ፊዮርድ ሲባል በሥዕል የምታውቁት በገደል የታጠረው የኖርዌይ ጥልቅ ውኃ ይሆናል። ይህኛው እንደዚያ አይደለም። ስፋቱ ወደ 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢደርስም አማካይ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ያህል ነው። ረጅም ሰው በብዙ ቦታ በእግሩ ሊገባበት ይችላል። ከምሥራቅ ወንዞች ንጹሕ ውኃ ያመጡለታል፤ ከምዕራብ ባሕሩ ጨው ሊያስገባበት ይታገላል። ከፊዮርዱ ማዶ ያለው መሬት በበረዶ ዘመን ከግግር በረዶ ቀልጦ የወረደ ውኃ የዘረጋው የአሸዋ ሜዳ ነው። በሜዳው መካከል ከዚያ የቀደመ የበረዶ ዘመን ትቷቸው የሄደ ዝቅተኛ ኮረብታዎች እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ይላሉ። አሸዋማ መሬት ስስታም ነው፤ ለብዙ ዘመን የበቀለበት ቁጥቋጦና የበግ ግጦሽ ብቻ ነበር።

ያንን ጠፍ መሬት እርሻ ያደረገው ሽንፈት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ዴንማርክ በ1864 በፕሩሲያና በኦስትሪያ ተሸንፋ ሽሌስቪግንና ሆልስታይንን አጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1866፣ ኤንሪኮ ዳልጋስ የተባለ መኮንንና መሐንዲስ ከሌሎች ጋር ሆኖ የዴንማርክ የጠፍ መሬት ማኅበርን መሠረተ። በጦርነት የታጣውን መሬት በአገር ውስጥ ጠፍ በማልማት እንካስ የሚል ስሜት በዘመኑ ነበር። ዛፍ ተተከለ፣ ኖራማ አፈር እየተቆፈረ ተበተነ፣ ውኃ ተጠለፈ፣ ቁጥቋጦው ወደ አጃና ድንች ማሳ ተለወጠ። የዚህን ማኅበር ስም አትርሱት፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በስኬርን ወንዝ ላይ ደግሞ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እሱም የፊዮርዱ አፍ ነው።

ፊዮርዱ ያለ መውጫ ሊኖር አይችልም፤ የወንዞቹ ውኃ የሆነ ቦታ ወደ ባሕር መፍሰስ አለበት። ችግሩ መውጫው አንድ ቦታ አለመርጋቱ ነበር። በዳርቻው የሚሄደው የባሕር ጅረት አሸዋ እየጎተተ አፉን ወደ ደቡብ ይገፋዋል። በዘመናት ውስጥ መውጫው ወርዶ ወርዶ ኒሚንደጋብ ድረስ ሄደ። ሪንግኮቢንግ በ1443 የንግድ ከተማነት መብት ያገኘች ወደብ ነበረች፤ መርከብ ግን በዚያ እየጠበበና እየራቀ በሚሄድ አፍ እንዴት ይግባ? የወደቧ ንግድ ከአፉ ጋር አብሮ ሸሸ። በዚያ ላይ አፉ በአሸዋ ሲደፈን የክረምት ጎርፍ መውጫ ያጣና በፊዮርዱ ዙሪያ ያለውን ግጦሽ ያጥለቀልቀዋል። ገበሬውም ዓሣ አጥማጁም ነጋዴውም ተማረሩ።

በ1910 መፍትሔ የመሰለ ነገር ተገኘ፤ ምላሱን መሐል ላይ፣ ዛሬ ቪደ ሳንደ በምትባለው ስፍራ፣ በቦይ መቁረጥ። ቦዩ ተቆረጠ፤ በር ግን አልተሠራለትም። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው መጀመሪያ ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ በኋላ ግን የገባው ማዕበልና የወጣው ጎርፍ የቦዩን ግራና ቀኝ አሸዋ እየበሉ ሄዱ፤ ቦዩ በየጊዜው እየሰፋ ወርዱ ከ200 ሜትር በላይ ሆነ። የባሕሩ ጨዋማ ውኃ ማዕበል በተነሣ ቁጥር እየገባ ማሳዎቹን አጥለቀለቀ። በ1915 የተቆረጠው ተመልሶ ተደፈነ። በአምስት ዓመት ውስጥ የተከፈተና የተዘጋ ቦይ ነው። መሐንዲሶቹ ሒሳብ አላወቁም ለማለት አይደለም፤ በሩን መተዋቸው ግን ውድ እንዳስከፈላቸው ግልጽ ነው።

በመጨረሻም በ1931 በዚያው በቪደ ሳንደ በር ያለው መውጫ ተሠርቶ አለቀ። ሁለት ነገር አለው፤ አንዱ ጎርፉን የሚያስወጡና ባሕሩን የሚከለክሉ የብረት በሮች ናቸው፤ ሌላው የውኃው ከፍታ በሁለቱ ወገን ቢለያይም መርከብ ደረጃ በደረጃ ከፍ ዝቅ እያለ የሚያልፍበት ክፍል ነው። ከበሩ ጋር ከተማ ተወለደ። ቪደ ሳንደ ከዚያ በፊት ከተማ አልነበረችም፤ ዛሬ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው የሚኖርባት፣ ከአገሪቱ ዋና ዋና የዓሣ ወደቦች አንዷ ናት። በጸደይ ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል በበሩ በኩል ወደ ፊዮርዱ ሲገባ፣ ከየአገሩ የመጣ አጥማጅ ትከሻ ለትከሻ ተገጥግጦ መንጠቆውን ይጥላል።

ከበሩ በስተሰሜን የሊንግቪ ፋና ይታያል፤ 38 ሜትር የሚረዝም ነጭ ግንብ ነው። በ1903 አቮና የተባለች መርከብ በዚያ ዳርቻ ተሰብራ 24 ሰዎች ካለቁ በኋላ በ1906 ተሠራ። የዴንማርክ ምዕራባዊ ዳርቻ መርከበኞች የሚፈሩት ነበር፤ ፋናው በመዘግየቱ እንጂ በመሠራቱ የሚገርም ነገር የለም።

እንግዲህ በር ካለ «ማን ይክፈተው፣ መቼ ይዝጋው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ለገበሬው ፊዮርዱ ዝቅ ብሎ ቢቆይ ይሻለዋል፤ መሬቱ ይደርቅለታል። ለጀልባ ባለቤት ዝቅ ካለ ጀልባው አሸዋ ይነካል። ለአንዳንዱ ዓሣ ጨው ሲበዛ ይሻላል፤ ለሌላው ሲያንስ። በፊዮርዱ ደቡብ ያለው ቲፐርነ የሚባለው ልሳነ ምድር ደግሞ ከ1928 ጀምሮ የወፎች ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ረግረጉ መቼ እርጥብ መቼ ደረቅ እንደሚሆን ለወፎቹ የሞት ሽረት ነገር ነው። በ1995 የበሩ አከፋፈት ደንብ ተለውጦ ተጨማሪ የባሕር ውኃ እንዲገባ ተደረገ። ጨው ሲጨምር በአሸዋው ውስጥ የሚኖሩ ዛጎል ለበስ እንስሳት ረቡ፤ እነሱም ውኃውን እየመጠጡ ሲያጣሩ በአረንጓዴ ዝቃጭ የደፈረሰው ፊዮርድ ጠራ። አንድ የቢሮ ውሳኔ የ300 ካሬ ኪሎ ሜትር ውኃን ሕይወት ከሥር መሠረቱ ለወጠ ማለት ነው። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ይህንን ለውጥ ብዙ ጽፈውበታል።

የበሩ ቁልፍ ግን በኮሙኑ እጅ አይደለም። ሥልጣኑ የመንግሥት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሌምቪ በምትባለው በሰሜን ባለችው ከተማ የሚገኘው የባሕር ዳርቻ ባለሥልጣን ነው። ከንቲባው ስለ በሩ ሊናገር፣ ሊጽፍ፣ ሊከራከር ይችላል፤ ሊከፍተው ግን አይችልም። ይባስ ብሎ የፊዮርዱ ደቡባዊ ጫፍ፣ ያቺ የጥንቱ አፍ የነበረችው ኒሚንደጋብ፣ ዛሬ የምትገኘው በጎረቤቱ በቫርደ ኮሙን ውስጥ ነው፤ እሷም በሌላ ሪጅን፣ ማለትም ከኮሙን በላይ ባለው ሌላ እርከን፣ ሥር ናት። አንድ ውኃ ነው፤ አስተዳደሩ ግን ለሁለት ተከፍሏል። ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ውኃ ወሰን እንደማያከብር የሚረሱት ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ስለ ስኬርን ወንዝ ሳልናገር ባልፍ ዋናውን ዘለልኩ ማለት ነው። ወንዙ በሚያፈስሰው የውኃ መጠን ከዴንማርክ ወንዞች አንደኛ ነው። ፊዮርዱን ሲቀላቀል እየተጠማዘዘ በሰፊ ረግረግ ውስጥ ያልፍ ነበር። ከ1962 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ያው የጠፍ መሬት ማኅበር ወንዙን እንደ ገመድ ቀጥ አደረገው፤ በግራና በቀኙ ግድብ ሠርቶ፣ ፓምፕ ተክሎ 4,000 ሄክታር ያህል ረግረግ አደረቀ። ወቅቱ እህል ማምረት ከሁሉ የሚቀድምበት ነበርና ሥራው እንደ ጀብድ ተቆጠረ።

ሒሳቡ የመጣው ዘግይቶ ነው። የደረቀው አፈር እየተበላና እየሰመጠ ሄደ፤ እርሻው በየዓመቱ ወደ ውኃው ደረጃ እየወረደ ፓምፑም ይበልጥ መሥራት ነበረበት። ከአፈሩ ውስጥ የነበረው ብረት አዘል ማዕድን አየር ሲያገኘው ዛገና ቀይ ዝቃጭ ሆኖ ወደ ወንዙ ወረደ። ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያ ረግረጉ ሳያጣራው በቀጥታ ወደ ፊዮርዱ ገባ፤ ፊዮርዱም በአልጌ ታፈነ። የዴንማርክ የራሷ የሆነው የወንዙ ሳልሞን ዘሩ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። በ1987 ፓርላማው ወንዙን ወደ ቀድሞው መልኩ ለመመለስ እንዲጠና ወሰነ፤ ሥራው ከ1999 እስከ 2002 ተካሄደ። ወደ 2,200 ሄክታር መሬት ዳግም ለውኃ ተለቀቀ፤ ወንዙም እንደገና እንዲጠማዘዝ ተደረገ። ለተነካባቸው ገበሬዎች መሬት በመሬት ተለወጠላቸው ወይም ተገዛ፤ ያም ሆኖ አባቱ ያደረቀውን መሬት ልጁ ለውኃ ሲሰጥ ደስ ያለው ሁሉ አልነበረም። ዛሬ ሳልሞኑ አለ፤ የሚጠመደውም በኮታ ነው። ከድሮዎቹ የፓምፕ ቤቶች አንዱ ቤተ መዘክር ሆኗል።

እኔ በዚህ ታሪክ የማደንቀው የመመለሱን ውበት አይደለም። ማንኛውም አገር ወንዝ ያቀናል፤ ብዙ አገርም ያበላሻል። ብርቁ ነገር አንድ መንግሥት ገንዘብ ካወጣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሥራውን ለማፍረስ ሌላ ገንዘብ በጀት ማድረጉ ነው። ይህ ክርክር በፓርላማ፣ በጋዜጣና በመንደር ስብሰባ ዓመታት ወስዷል፤ እኔ ደግሞ መዘግየቱን ከጉድለት አልቆጥረውም።

ወደ አስተዳደሩ እንምጣ። በዴንማርክ የገጠር ሰበካዎች በሕግ የራሳቸውን ምክር ቤት ያገኙት በ1841 ነው። የ1953ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 82 ኮሙኖች በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሆነው ጉዳያቸውን ራሳቸው የማስተዳደር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የኮሙኖቹ ቁጥር ግን እያነሰ መጣ። በ1970 ከሺህ በላይ የነበሩት ወደ 270 ገደማ ተጠቃለሉ፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 2007 ደግሞ እነዚህ 98 ሆኑ። አውራጃዎቹም ፈርሰው አምስት ሪጅኖች ተተኩ። ሪንግኮቢንግ-ስኬርን የዚያን ቀን ተወለደ፤ ኤግቫድ፣ ሆልምስላንድ፣ ሪንግኮቢንግ፣ ስኬርንና ቪደቤክ የሚባሉ አምስት ኮሙኖች ተዋሕደው ነው። ስሙ ራሱ የድርድር ውጤት መሆኑ ከላዩ ይታያል፤ ከሁለቱ ትልልቅ ከተሞች አንዳቸውም እንዳይረሱ በመሐል ጭረት ተሰመረ።

ሪንግኮቢንግ በውሕደቱ ያተረፈችም ያጣችም ናት። የኮሙኑ ምክር ቤት መቀመጫ ሆነች። ቀድሞ ግን የአውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ አውራጃው ሲፈርስ የአውራጃው ሥራ ቪቦርግ ወደሚገኘው የመካከለኛ ዩትላንድ ሪጅን ሄደ። ለአሥር ሺህ ሰው ከተማ የቢሮ ሠራተኛ መሄድ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኮሙኑ ምን ይሠራል? ሕፃናት ማቆያ፣ ትምህርት ቤት፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የማኅበራዊ ድጎማ፣ ሥራ ፈላጊን ከሥራ ማገናኘት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የመንደር መንገድ፣ ቆሻሻ፣ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ፤ ሰው ከተወለደ እስኪያረጅ የሚያገኘው የመንግሥት ፊት በአብዛኛው የኮሙኑ ፊት ነው። ይህን ሁሉ የሚያሠራው የራሱ ገንዘብ ስላለው ነው። ከነዋሪው ግብር የሚከፈልበት ገቢ ውስጥ 25 በመቶ ገደማውን የሚሰበስበው ኮሙኑ ነው፤ በዚያ ላይ የመሬት ግብር አለ። ሀብታም ኮሙኖች፣ በተለይ ከኮፐንሃገን በስተሰሜን ያሉት፣ ለደካሞቹ የሚያካፍሉበት የማመጣጠኛ ሥርዓትም አለ፤ ሰጪውም ተቀባዩም ሲያማርረው የሚኖር ሥርዓት ነው። ሪጅኖቹ በአንጻሩ ሆስፒታል ያስተዳድራሉ፤ ግብር የመጣል ሥልጣን ግን የላቸውም።

ምክር ቤቱ በየአራት ዓመቱ በኖቬምበር ሦስተኛው ማክሰኞ ይመረጣል። ከንቲባውን የሚመርጡት ተመራጮቹ ከመካከላቸው ነው፤ ሥራው በኮሚቴ ይከፋፈላል፤ የገንዘብ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሁሌም ከንቲባው ነው። ከ2007 እስከ 2025 በተከታታይ የመሩት የቬንስትረ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ፤ ኢቨር ኤኔቮልድሰንና ከሱ በኋላ ሐንስ ኦስተርጎር ይጠቀሳሉ። ቬንስትረ ከገበሬው የተነሣ የነጻ ገበያ ፓርቲ ስለሆነ በዚህ አገር አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ክርስቲያን ዴሞክራቶች ናቸው። በአገር አቀፍ ምርጫ ፓርላማ ለመግባት የሚያስፈልገውን 2 በመቶ ማለፍ አቅቷቸው ሳሉ፣ እዚህ ግን በምክር ቤቱ ወንበር አግኝተዋል። ምዕራባዊው ዳርቻ የጠበቀ ሃይማኖታዊ ኑሮ የኖረበት ነው፤ «የውስጥ ተልእኮ» የሚባለው የሉተራውያን መነቃቃት በዓሣ አጥማጆቹ መንደሮች ሥር ሰድዷል፤ እሑድ ጀልባ አለማውጣት የዚህ ወግ አንዱ ነበር።

መጀመሪያ በልባችሁ ያዙ ያልኳችሁ ስፋትና የሰው ማነስ እዚህ ላይ ይነክሳል። ሕፃናት ሲያንሱ ትንሽ ትምህርት ቤት ውድ ይሆናል፤ ምክር ቤቱ ሊዘጋው ይነሣል፤ መንደሩም ይነሣል። በዴንማርክ ግን ወላጆች ሌላ መንገድ አላቸው። ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ግዴታው ልጅን ማስተማር እንጂ የመንግሥት ትምህርት ቤት መላክ አይደለም፤ ስለዚህ የተዘጋውን ትምህርት ቤት ወላጆች ተሰባስበው ነጻ ትምህርት ቤት አድርገው ይከፍቱታል፤ መንግሥትም አብዛኛውን ወጪ ይደጉማል። የመንደር ሰው ገንዘብ አዋጥቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ መምህር ቀጥሮ ይጀምራል። ይህ ደግሞ ኮሙኑ ያሰበውን ቁጠባ ግማሹን ያበላሽበታል። እኔ የመንደሩን ወገን እይዛለሁ፤ ሒሳቡን የሚሠራው ሰው ግን ከእኔ ጋር ላይስማማ ይችላል፤ እሱም ትክክል ነው።

ሆስፒታሉ ደግሞ የኮሙኑ ጉዳይ ስላልሆነ ክርክሩ መረር ይላል። ሪጅኑ ሕክምናን በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ሰበሰበ፤ ሄርኒንግ አጠገብ በጎድስትሩፕ የተሠራው አዲሱ ሆስፒታል በ2022 ሥራ ጀመረ። ከሪንግኮቢንግ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቪደ ሳንደ ደግሞ ይርቃል። ልዩ ባለሙያ የሚገኘው በትልቅ ሆስፒታል ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት ግን ባለሙያውን ከማግኘቷ በፊት መንገዱን መጨረስ አለባት።

አሁን ስለ ነፋሱ። ከሪንግኮቢንግ በስተደቡብ ሌም የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ1898 አንድ ሐንሰን የሚባል አንጥረኛ እዚያ ብረት መቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልጁ በ1945 ከባልደረቦቹ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ የቤት ዕቃ፣ የእርሻ ጋሪ፣ የወተት ማቀዝቀዣ ሠሩ። የ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ወደ ነፋስ ዞሩ፤ በ1979 የመጀመሪያዎቹን የነፋስ ተርባይኖች ሸጡ። ኩባንያው ቬስታስ ይባላል፤ በዓለም ላይ ከታላላቆቹ የተርባይን ሠሪዎች አንዱ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አድጎ ሲሄድ መንደሩን ለቅቆ ኦርሁስ ገብቷል።

በመሬት ላይ ተርባይን የት ይተከል የሚለውን የሚወስነው ኮሙኑ ነው። ሕጉ ተርባይኑ ከቁመቱ አራት እጥፍ ያላነሰ ከመኖሪያ ቤት እንዲርቅ ያዛል፤ 150 ሜትር የሆነው 600 ሜትር መራቅ አለበት። ከ2009 ጀምሮ የጸናው ሕግ ባለ ተርባይኑ ቢያንስ 20 በመቶውን ድርሻ ለአካባቢው ሰው እንዲያቀርብ ያስገድድ ነበር፤ በ2020 ይህ ቀረ፤ ሌላ ዓይነት ካሣ ተተካ። ድርሻ ያለው ሰው የተርባይኑ ድምፅ ብዙም አይሰማውም፤ ይህን የሚክድ ጎረቤት አላውቅም። በቪደ ሳንደ ወደብ ላይ የቆሙት ሦስት ተርባይኖች ገቢያቸው በአብዛኛው ለአካባቢው ልማት የሚውል በመሆኑ ያን ያህል አላስኮረፉም።

ከባሕሩ ላይ ሲሆን ግን ወሳኙ መንግሥት ነው። ቫተንፋል የተባለው የስዊድን ኩባንያ ከሆልምስላንድ ክሊት ፊት ለፊት፣ ከዳርቻው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ 20 ተርባይኖች ተከለ፤ ቬስተርሃቭ ሲድ ይባላል። የበጋ ቤት ባለቤቶች፣ የዳርቻው ነዋሪዎች፣ ኮሙኑም ጭምር ራቅ ብለው ይተከሉ ብለው ለዓመታት ተቃወሙ፤ አልሆነላቸውም። የነፋስ ኢንዱስትሪ የተወለደበት አገር ሰው ተርባይን ሲቃወም ሰምቶ የሚስቅ አለ። እኔ አልሳቅሁም። ተቃውሞው ስለ ነፋሱ አልነበረም፤ ሳይጠየቁ ስለመወሰኑ ነበር።

የበጋ ቤቶቹን ጠቀስኩ። በሶንደርቪና በሆልምስላንድ ክሊት በሺህ የሚቆጠሩ በኪራይ የሚያዙ ትንንሽ ቤቶች አሉ፤ ተከራዩ በአብዛኛው ጀርመናዊ ነው። መከራየት ይችላል፤ መግዛት ግን እንደ ልቡ አይችልም። በ1959 የወጣ ሕግ በአገሪቱ የማይኖር ሰው ያለ ፈቃድ የበጋ ቤት እንዳይገዛ ከለከለ፤ ዴንማርክም ይህን ክልከላ በማስትሪክት ውል ላይ ልዩ ሰነድ አያይዛ አስጠበቀችው። ኮሙኑ ከነዚህ ቤቶች የመሬት ግብር ያገኛል፤ የባለቤቶቹ የገቢ ግብር ግን ወደሚኖሩበት ኮሙን ይሄዳል። በሐምሌ የሚሞላውን የቆሻሻ መኪና፣ የመንገዱንና የቧንቧውን ጫና የሚሸከመው ግን ይህኛው ኮሙን ነው።

በአገሪቱ ሕግ ከዳርቻው እስከ 300 ሜትር ድረስ አዲስ ቤት መሥራትም ሆነ አጥር ማጠር ክልክል ነው፤ ከዚያ አልፎ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ባለው ቀበቶም የኮሙኑ ዕቅድ እጁ ታስሯል። በየዓመቱ ባሕሩ የሚወስደውን አሸዋ ደግሞ መንግሥትና የምዕራብ ዳርቻ ኮሙኖች በጋራ ውል መርከብ ቀጥረው ከባሕሩ ወለል እያወጡ ይመልሱታል። ውሉ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሚታደስ ሲሆን፣ ከሎድቢየርግ እስከ ኒሚንደጋብ ያለውን ዳርቻ ይሸፍናል። የተመለሰውን አሸዋ ማዕበሉ ደግሞ ይወስደዋል፤ ሥራው ማለቂያ የለውም፤ ባያደርጉት ግን ያ ቀጭን የመሬት ምላስ ይቆረጣል። በሴፕቴምበር 1 ቀን 2018 የባሕር ዳርቻ መከላከያ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ከመንግሥት ወደ ኮሙኖች ተላለፈ። ይህ ለትንሽ ኮሙን ከባድ ሸክም ነው፤ የባሕር መሐንዲስ በቅጥር ሠራተኞቻቸው መካከል ያላቸው ስንት ናቸው? ቤቱ ሊወድቅበት የተቃረበ ሰው ጎረቤቱ ከሆነ የምክር ቤት አባል ፊት ቆሞ ሲለምን፣ ሕጉን ጠቅሶ እንቢ ማለት ከሩቅ ቢሮ ይልቅ ከቅርብ ይከብዳል። ሥልጣንን ወደ ታች ማውረድ ጥሩ ነው፤ ከባለሙያና ከገንዘብ ጋር ካልወረደ ግን ወቀሳን ማውረድ ብቻ ይሆናል። ይህን የምለው ስለ ዴንማርክ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በዴንማርክ የኮሙን ምርጫ የሚመርጠው ዜጋ ብቻ አይደለም። የኖርዲክ አገሮች ዜጎች ከ1977 ጀምሮ፣ ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ደግሞ በሕግ የተወሰነውን ያህል ዓመት በአገሪቱ ከኖሩ ከ1981 ጀምሮ ይመርጣሉ፤ ይመረጣሉም። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ዓመት መቁጠር አያስፈልገውም። የዴንማርክ ፓስፖርት የሌለው ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ለፓርላማው ድምፅ መስጠት ባይችልም፣ የልጁን ትምህርት ቤትና የመንደሩን አውቶቡስ ለሚወስነው ምክር ቤት ግን ይችላል። የመጨረሻው ምርጫ በኖቬምበር 18 ቀን 2025 ተካሂዷል፤ ቀጣዩ በ2029 ነው። የምርጫ ካርዱ ሳይጠየቅ ቤት ድረስ ይመጣል። ከአድማጮቼ ወይም ይህን ከሚያነቡት መካከል በዚያ አገር የምትኖሩ ካላችሁ፣ ካርዱን ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አትጣሉት፤ ይዛችሁት ሂዱ።